በጥርስ የሚሰማ ማሲንቆ

የታሰርኩበት ቤት ሰሊጥ ይሸት ነበር። ይህን ስናገር ሰው የማሾፍ ይመስለዋል። እስር ቤት ሲባል የሚጠበቀው ሽታ ሌላ ነው፤ እርግጥ እሱም ነበረ። ግን በሩን ከፍተው ከኋላዬ ገፋ ሲያደርጉኝ መጀመሪያ አፍንጫዬን የመታኝ በሙቀት የታሸ የሰሊጥ ሽታ ነው። ለካ ቤቱ የአንድ ነጋዴ መጋዘን ኖሯል። እስረኛ ሲበዛ ፖሊስ ጣቢያው ጠበበና ያዙት። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ መስኮት የሚባል ነገር የለውም፤ ከላይ በብሎኬቱና በጣራው መካከል አንድ ስንዝር የምታህል ክፍተት ብቻ ነበረች። ወሩ መጋቢት ነው። የመተማን መጋቢት ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

የተያዝኩት ከክፍል ነው። የፊዚክስ መምህር ነኝ። ሰሌዳው ላይ ስለ ሞገድ እየጻፍኩ ሳለ ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆሞ በጣቱ ጠራኝ፤ ከኋላው ሁለት ፖሊሶች ነበሩ። "ለአምስት ደቂቃ ነው፣ መምህር" አሉኝ። ጠመኔዬን እንደያዝኩ ሄድኩ። በዚያ ሰሞን ከየመሥሪያ ቤቱ ሰው ይለቀም ነበር። ከእኛ ትምህርት ቤት አራት ሆነን ተወሰድን፤ ምክንያቱ "ስብሰባ ላይ የተናገራችሁት" ነው አሉን። ስብሰባ ላይ የተናገርነው ተማሪው የሚጠጣው ውሃ የለም ብለን ነበር። ሦስቱን ባልደረቦቼን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው፤ ለእኔ መጋዘኑ ደረሰኝ።

ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ በሩ ሥር ተገትሬ ቀረሁ። ሃያ የሚሆን ሰው በየግድግዳው ተደግፏል።

"ቁጭ በል እንጂ ልጄ፤ እዚህ ቆሞ የሚጠበቅ አውቶቡስ የለም" አለኝ አንድ የሽማግሌ ድምፅ። ሰው ሳቀ።

"እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ ድምፁ ወደመጣበት ተጠጋሁ። ፊታቸውን ሳይ ክው አልኩ። አዝማሪው ነበሩ።

ለምን እንደደነገጥኩ ልናገር። ያን ዓመት ከተማችን ውሃ አጥሯት ቦቴ መኪና መጣላት። ቦቴው ግን ከተማ ውስጥ ከሚታይበት ቀን ይልቅ አንድ ሹም ማንጎ እርሻ ላይ የሚታይበት ቀን ይበልጥ ነበር። ይህን የማያውቅ አልነበረም፤ ደፍሮ የሚናገር ግን ጠፋ። ጥር ላይ የአንድ ጓደኛዬ ሰርግ ሆነ። እኚህ አዝማሪ፣ በየዓመቱ ሰሊጥ ተሽጦ ሰርግ ሲበዛ ከጎንደር ወደ ቆላው የሚወርዱ ሰው ናቸው፣ ማሲንቆአቸውን ይዘው ዳሱ ውስጥ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራሉ። አዝማሪና ሰርገኛ እንዴት እንደሚጫወት የታወቀ ነው። አዝማሪው "ስጠኝ" ይላል፤ ከታዳሚው አንዱ "ተቀበል" ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ እሱ እየተቀበለ ያዜመዋል። እኔ ከኋላ ረድፍ፣ ከሰው ትከሻ ጀርባ ሆኜ፣ ሁለት ቢራ ባጀገነው አፌ ጮህኩ።

ለጠማው ከተማ ቦቴ መጣ ቢሉ፣
የሹሙ ማንጎዎች ቀድመው ጠጥተው ዋሉ።

ሽማግሌው ተቀበሉት። ዳሱ በእልልታና በሳቅ ተናጋ፤ ደግመው ተቀበሉት፤ ሰልሰው ተቀበሉት። እኔም ግጥሜ እንደዚያ አምሮ ሲዜም ስሰማ ዓለም የእኔ መሰለችኝ። በማግስቱ አዝማሪው ከማደሪያቸው ተያዙ ሲባል ሰማሁ። "ሽማግሌ ናቸው፣ ሁለት ቀን አሳድረው ይለቋቸዋል" አልኩ ለራሴ። ለሚስቴም እንደዚያው አልኳት። ከዚያ ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ሁለት ወር ሊሞላ ምን ቀረኝ!

አሁን ከጎናቸው ተቀምጫለሁ። ያውቁኝ ይሆን? ፊታቸው ላይ ምንም አላነበብኩም። ከውሃ ኮዳቸው አጠጡኝ፣ ከራስጌያቸው ጆንያ ቀደው አነጠፉልኝ፣ ስሜንና ሥራዬን ጠየቁኝ። "መምህር" አሉኝ ከዚያን ዕለት ጀምሮ። ከተማ ውስጥ አዝማሪን፣ ሽማግሌም ቢሆን፣ "አንተ" የማይል ጥቂት ነው። መጋዘኑ ውስጥ ግን ሁሉም "አባባ፣ እርስዎ" ነበር የሚላቸው። እኔም አልኩ።

በየሁለት በየሦስት ቀኑ ይጠሯቸዋል። የሚጠየቁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ማን ሰጠህ? ሲመለሱ ሰው ይከባቸዋል።

"ምን አሉዎት፣ አባባ?"

"ያው ነው። ጌታው፣ እኔ ጆሮ ነኝ፤ ጆሮ ደግሞ ዓይን የለውም አልኩት።"

ሰው ይስቃል። እኔ ደግሞ ላብ ሲያጠምቀኝ "ሙቀቱ በዛ" እላለሁ። ሙቀቱስ በዝቶ ነበር፣ ይመስገን።

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእስሩ የባሰብኝ እሳቸው አጠገብ መቀመጡ ነበር። ቦታ እንዳልቀይር መጋዘኑ ሙሉ ነው፤ ደግሞ ወሬያቸው ጣፋጭ ነው፣ አይጠገብም። አያታቸው በጣልያን ጊዜ ማሲንቆውን አንግቶ ከአርበኛ ወደ አርበኛ መልእክት በዜማ ሲያደርስ እንዴት እንደኖረ ይነግሩናል። አንድ ጊዜ ደግሞ፣ ገና በጉልምስናቸው፣ የጠረፉን ድልድይ ተሻግረው ሱዳን ጋላባት ላይ ሰርግ ተጠሩ። እዚያ አንድ ሱዳናዊ ጠንቡር ይዞ አገኙ። ጠንቡር ክራር የመሰለ መሣሪያ ነው። እሳቸው ዓረብኛ አያውቁም፣ እሱ አማርኛ አያውቅም። ማሲንቆአቸውን በጠንቡሩ ቃኙና ከረፋድ እስከ ማታ አብረው ተጫወቱ።

"ዜማው አንድ ነው እኮ! እሱም አምስት ድምፅ፣ እኔም አምስት። የምወስደውን መንገድ ቀድሞ ያውቀዋል። ስንለያይ 'ተማም' አለኝ፣ ደህና ነው ማለቱ ነው፤ 'ተማም' አልኩት። ከዚያ ወዲያ እንደሱ የገባኝ ሰው የለም፤ ሚስቴንም ጨምሮ።"

እኔም ከመጽሐፍ ያገኘሁትን አዋጣለሁ። አንድ የጥንት ግሪክ ሰው በአንጥረኛ ደጅ ሲያልፍ የመዶሻዎቹን ድምፅ ሰምቶ የዜማን ሕግ አገኘ ይባላል አልኳቸው።

"አንጥረኛውስ? ስሙ ማን ይባላል?"

"አልተጻፈም።"

"አየህ! ድምፁን ያወጣው ሳይጻፍ በደጅ ያለፈው ተጻፈ።"

"ለነገሩ ታሪኩም ውሸት ነው፣ አባባ። መዶሻ እንደዚያ አይሠራም። ገመድ ነው እንጂ፤ የገመድን እኩሌታ ብንይዝ ያው ድምፅ ቀጥኖ ይመጣል።"

"ይህን ለማወቅ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባኸው? እኔን አባቴ በስድስት ዓመቴ በኩርኩም ነው ያስረዳኝ።"

እንደዚህ እየተጨዋወትን ነው አንድ ቀን ያልጠበቅሁት ቃል ከአፌ የወጣው። "ቢያስተምሩኝ" አልኩ። ሞገድ ስንት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ በገዛ እጄ ግን አንድ ድምፅ አውጥቼ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ ክራር እፈልግ ነበር፤ አባቴ "አዝማሪ ልትሆን ነው?" ብሎ በቁጣ አስጣለኝ። ይህንንም ነገርኳቸው። አዩኝ፤ ረጅም ጊዜ አዩኝ።

"እጅህን አምጣ" አሉ። የግራ እጄን ጣቶች አንድ በአንድ እያጠፉ እየዘረጉ መረመሩ። "ለጠመኔ የተሠሩ ናቸው። ቢሆንም ይሁን።"

ግን በምን? የእሳቸው ማሲንቆ ኤግዚቢት ተብሎ መርማሪው ቢሮ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። ማሲንቆ ኤግዚቢት ሲሆን ያን ጊዜ ገና ሰማሁ። ስለዚህ ሠራን። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ ከተሰበረ የመጥረጊያ እጀታ አንገት፣ ከማዳበሪያ ጆንያ የተመዘዘና የተገመደ ክር። ለደጋኑ ከጓሮው የተለመጠ ቅርንጫፍ ተገኘ። ክሩ እንዲይዝ ሙጫ ያስፈልጋል፤ እሱ ከየት ይመጣል ስንል፣ ከገለጉ ወገን ከበረሃው ዕጣን የሚለቅም አንድ እስረኛ ነበር፤ ከጃኬቱ ስፌት ውስጥ ጠብ ጠብ ያለ ዕጣን አራግፎ ሰጠን። "በዚህ ልብሴ ነው ስለቅም የከረምኩት፤ ብትጨምቁኝ ገና ይወጣኛል" አለ። ሽማግሌው የተሠራውን ዕቃ አገላብጠው አዩት።

"ይህ ማሲንቆ አይደለም። የማሲንቆ የሩቅ ዘመድ ነው።"

ትልቁ ችግር ድምፁ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ዘፈን ክልክል ነው፤ ለእሳቸው ደግሞ ከሁሉ በላይ ክልክል ነው፤ በር ጠባቂው አስር አለቃ ያንኑ ተነግሮት ነው የተቀመጠው። አንዴ ደጋኑን ክሩ ላይ ሳብ ቢያደርጉት እንደታነቀች ድመት ጮኸና ሁላችንም ጆሯችንን ወደ በሩ አቆምን። ነገሩ እዚያ ላይ ሊቀር ነበር። እንዲያው ለወሬ ያህል፣ ስለ አንድ የጀርመን ሙዚቀኛ ነገርኳቸው። ጆሮው ደንቁሮ ሳለ በትር በጥርሱ ነክሶ የበትሩን ሌላ ጫፍ ፒያኖው ላይ አስደግፎ ድምፁን ይሰማ ነበር ይባላል አልኳቸው፤ አጥንት ድምፅ ያስተላልፋልና።

ሽማግሌው ከተጋደሙበት ብድግ አሉ። "በጥርሱ?"

"በጥርሱ።"

"ወይ ጉድ! እስከ ዛሬ ምን ስታደርግ ነበር ሳትነግረኝ?"

ቆርቆሮዋን በጨርቅ ጠቅጥቀው አፈኗት። ከዚያ የአንገቱን ጫፍ በጥርሳቸው ነከሱና ደጋኑን እንደ ላባ አቅልለው ሳቡት። እኔ አጠገባቸው ሆኜ የሰማሁት ጆንያ ሲፋቅ የሚሰማውን ያህል ነው። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደገሙት። ሁለት ወር ሙሉ ማሲንቆ ያልሰሙ ሰው፣ ፊታቸው ቀስ እያለ ሲፈታ አየሁ። ከአፋቸው አውጥተው በሸሚዛቸው ጠረጉና ሰጡኝ።

ነከስኩ። ሳቡልኝ። ጭንቅላቴ በሙሉ ማሲንቆ ሆነ። በጆሮ የሚገባ ድምፅ አይደለም፤ ከመንጋጋዬ ተነስቶ በግንባሬ ዞሮ ከዓይኔ ኋላ የሚቀመጥ ድምፅ ነው። ስለ አጥንትና ስለ ድምፅ ስንቴ አስተምሬያለሁ፤ ለካ የማስተምረውን አላውቀውም ነበር። ከውጭ ማንም አይሰማም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለእኔ ብቻ ይዘመራል።

ከዚያ ወዲያ ቀን ሲሞቅ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ጠባቂው ጥላ ፍለጋ ከበሩ ራቅ ሲል፣ ትምህርት ጀመርን። "ባዶው ክር አንድ፣ አራት ጣት አራት፤ አምስት። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?" ይሉኛል። ክሩን በጣቴ ስጫነው በኩርኩም ይመቱኛል። "ነካ ነው እንጂ! ጎኑን ነካ! ምን አደረገህ?" ለምን አንድ ገመድ ብቻ ሆነ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ ጉሮሯቸውን አሳዩኝ። "ሁለተኛው እዚህ ነው" አሉ። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ትዝታን ነው። አምስት ድምፅ፣ ወጥቶ መውረድ፣ ሌላ ምንም የለውም፤ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ጣቶቼ ቆሰሉ። ማታ ስተኛ በሆዴ ላይ ጣቶቼን አራምዳለሁ። ነገ ምን ይጠይቁኝ ይሆን፣ ሚስቴ ምን እያደረገች ይሆን እያልኩ የምቃጠለው ሰውዬ፣ ሦስተኛው ጣቴ ለምን እንደሚዘገይ የማስብ ሰው ሆንኩ። ልናገረው፤ ደስ ብሎኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ የተማርኩት ነገር ትዝ አይለኝም።

ሰውም ተራ ያዘ። ከደጋ ለአጨዳ ወርደው የተያዙ፣ ሳሉግ የሚባሉት የቀን ሠራተኞች፣ ባለ ትራክተሩ ገበሬ፣ ዕጣን ለቃሚው፣ አንድ በአንድ እየመጡ ይነክሳሉ፤ ሽማግሌው ይስቡላቸዋል። ነክሶ ያልሳቀ የለም። ዕጣን ለቃሚው ግን ነክሶ አለቀሰና "በሉ ጥርሴን ነው ያመመኝ" አለ። በዚህ መሃል አስር አለቃው ድንገት በሩን ከፈተ። ያየው አንድ ትልቅ ሰውዬ ዱላ ነክሶ፣ ሌላው ከፊቱ ተንበርክኮ ነው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ጥርሱን አሞት ነው" አሉ ሽማግሌው፤ ፊታቸው ላይ አንድ ነገር አልተነበበም። "እንጨት ሲያስነክሱት ይተወዋል።"

አስር አለቃው ሁሉንም አየ፤ ቆርቆሮዋንም አየ። "ተማም" አለና ዘጋው። በማግስቱ በወረቀት የተጠቀለለ ቅርንፉድ ይዞ መጣ። "ለጥርሱ ነው፤ እናቴ በዚህ ነው የምትድነው" አለ። አምኖን ይሁን ሸፍኖን እስከ ዛሬ አላውቅም። ቅርንፉዱን ግን ተካፍለን አኘክነው።

አንድ ወር እንዲህ አለፈ። ከዚያ አንድ ጠዋት አስር አለቃው በሩ ላይ ቆሞ ሁለት ወሬ አመጣ። አንደኛው፣ የከተማው ሽማግሌዎች ስለ መምህራኑ ተነጋግረው አራታችንም ነገ እንድንፈታ ተወስኗል። ሰው አቀፈኝ፣ ሳመኝ። ሁለተኛው፣ አዝማሪው ማን እንደሰጣቸው ካልተናገሩ በሳምንቱ ወደ ዞን ይዛወራሉ፤ ክስ ይመሠረትባቸዋል።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። "በል አራተኛውን ጣት አሳየኝ፤ ነገ ልትሄድብኝ ነው" አሉ ለእኔ። አራተኛውን ጣት አሳየኋቸው። ጣቴ ክሩን ሳተው። "ምነው ደስታው ነው?" አሉ።

ሚስቴ ነገ በር ላይ ትቆማለች። ብወጣ ማንም ምንም አይለኝም፤ ሰጪው እኔ መሆኔን የሚያውቅ በምድር ላይ የለም ብዬ ነው የማምነው። እሳቸው ደግሞ በዚያ ዕድሜያቸው በጭነት መኪና ተጭነው ይሄዳሉ፣ በእኔ ሁለት መስመር። ደጋግሜ አሰብኩ፤ ለመናገር አይደለም ያሰብኩት፣ ላለመናገር ምክንያት ፍለጋ ነው። የሚረባ አላገኘሁም። ተነስቼ በሩን ደበደብኩ።

መርማሪው ሥራ ያደከመው፣ ጸጉሩ የሸበተ ዋና ሳጅን ነው። ማሲንቆው ከራሱ በላይ ተሰቅሏል።

"መምህር፣ ነገ ነው መውጫህ። ምን ቸኮልክ?"

"ለአዝማሪው ግጥሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "አይ መምህር! ምን ነካህ? ስምህ እኮ ከሚወጡት መካከል ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ሽማግሌው አሳዝነውህ ከሆነ ይሄ የጽድቅ ቦታ አይደለም። እስኪ ግጥሙን በለው።"

ጀመርኩ። "ለጠማው ከተማ ቦቴ መጣ ቢሉ፣ የሹሙ ማንጎዎች... ቶሎ ጠጥተው ዋሉ።"

"'ቀድመው' ነው" አለ መርማሪው።

ተያየን። እሱም የተናገረው ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው የገባው። ቀና ብሎ በሩን አየ፤ ማንም የለም። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስቶ፣ አንድም ቃል ሳይጨምር፣ ያልኩትን ሁሉ ቀስ ብሎ ጻፈ። ፈረምኩ። "ቀድመው" ብሎ ነው የጻፈው፤ አየሁት።

በማግስቱ ሦስቱ ባልደረቦቼ ተፈቱ። እኔ ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌውን ጠሯቸውና ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ቀጥ ብለው መጥተው ከፊቴ ቆሙ።

"ማን ተናገር አለህ?"

"አባባ..."

"አይ አባባ! ሦስት ወር ሙሉ የያዝኩትን ሥራ በአንድ ቀን አበላሸህብኝ!"

"ያውቁ ነበር እንዴ?"

"የገባህ ቀን 'እግዜር ይስጥልኝ' ስትል ነው ያወቅሁህ። ዕድሜዬን ሙሉ በዳስ ጫጫታ መሃል የሰጪ ድምፅ ስለይ የኖርኩ ሰውዬ ነኝ፤ የአንተ ይጠፋኛል?"

ያን ሁሉ ቀን የታሰሩበትን ሰው ጎናቸው አስተኝተው፣ ውሃቸውን አጠጥተው፣ ጣቱን በኩርኩም እየመቱ ማሲንቆ ሲያስተምሩ ኖረዋል። "ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?" አልኩ።

"ምን ልበልህ? ለአንተ ብዬ መሰለህ? አንዴ ስም ከጠራሁ ማን ይሰጠኛል? ሰው ፈርቶ አፉን ከዘጋ እኔ ማሲንቆዬን ተሸክሜ ዳስ ለዳስ ብዞር ምን ልቀበል ነው?" ቁጣው ቀስ ብሎ በረደላቸው። ቁጭ አሉ። "ሰጪ በገዛ እግሩ ሄዶ ራሱን ሲሰጥ ግን... ይህ ገጥሞኝ አያውቅም" አሉና ሳቁ። እጄን ይዘው ሳሙት፤ ለመሳብ ብሞክርም አልለቀቁኝም።

ሰጪው ስለታወቀ እሳቸው ተፈቱ። ሲወጡ አስር አለቃው በሩን አልዘጋውም። ሁላችንም በሩ ላይ ተጣብበን እናያለን። መርማሪው ራሱ ማሲንቆውን ከሚስማሩ አውርዶ አመጣላቸው። የፈረስ ጭራው በሙቀት ላልቶ ነበር። ሽማግሌው ግቢው መሃል፣ በዚያ ፀሐይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና መቃኛውን ማጠባበቅ ጀመሩ። አልቸኮሉም። አንድ ፖሊስ "በል ውጣ፣ አዝማሪ" አላቸው፤ "ሳይቃኝ ተሸክሜው አልሄድም" አሉት። ቃኙ፣ ሰሙ፣ እንደገና ቃኙ። ከዚያ ብድግ ብለው ወደ እኛ ዞሩና፣ በዳስ ውስጥ እንደሚጣሩት፣ በሙሉ ድምፃቸው ተጣሩ።

"መምህር! ስጠኝ!"

ጠባቂዎቹ አሉ፣ መርማሪው አለ፣ ክሴ ገና በእንጥልጥል ላይ ነው። ከኋላዬ ዕጣን ለቃሚው ጎኔን ጎሰም አደረገኝ። ሰጠሁ።

ስም ጥራ ቢሉትም ሰው አልጠራም ብሎ፣
ይኸው ወጣ ዛሬ ማሲንቆውን አዝሎ።

ተቀበሉት። ስለ ራሳቸው የተባለ መሆኑ ግድ አልሰጣቸውም፤ እንዲያውም እንደ ሙሽራ ደረታቸውን ነፍተው ነው ያዜሙት። ሁለት ጊዜ ተቀበሉ። አስር አለቃው ጫማውን በምት ያነሳ ያስቀምጥ ነበር። ሲጨርሱ ማሲንቆውን አንግተው፣ ወደ መናኸሪያው፣ ማንንም ዞር ብለው ሳያዩ ሄዱ። ማንም አላስቆማቸውም።

እኔ ከዚያ በኋላ ሌላ አርባ ቀን ቆየሁ። በመጨረሻ መዝገቡ ተዘጋ ተባልኩና ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ሰው አሁንም እያዘነ ይጠይቀኛል፤ ከፍቶኝ እንደነበር እንድነግረው ይጠብቃል። የከፋኝ ቀን አልነበረም አልልም። ግን አፌን ሞልቼ የምናገረው አንድ ነገር ቢኖር፣ እዚያ ገብቼ ከምወደው መምህር ጋር የምወደውን ነገር መማሬን ነው። አሁን እውነተኛ ማሲንቆ አለኝ። ትዝታን እጫወታለሁ፤ ባቲን እየሞከርኩ ነው፤ ሚስቴ "ይህቺ ሦስተኛ ጣትህ አሁንም ትሰክራለች" ትለኛለች፣ እውነቷን ነው።

ባለፈው ጥር ሰርግ ተጠርተን ሄድን። የማላውቀው አዝማሪ ጠረጴዛችን ጋ ደርሶ ከፊቴ ቆመ። "ይስጡኝ እንጂ ጌታዬ" አለ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ታሪኬን ያውቃል፤ ሁሉም ዞሮ አየኝ። ከኋላ ረድፍ አልነበርኩም፤ ከሰው ትከሻ ጀርባም አልነበርኩም። ሚስቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። አዝማሪው ደጋኑን አንስቶ ይጠብቃል። ፈራሁ፤ አልደብቅም። ያን ጊዜ ነው ሽማግሌው በዚያ ሙቀት ስም ሳይጠሩ ምን ሲጠብቁ እንደከረሙ በደንብ የገባኝ።

እግሬ እንደተረገጠ "ተቀበል" አልኩና ሰጠሁት።